ከኪታቡ የተቆረጠው ምዕራፍ፦ የአልኸዋሪዝሚ አልጀብራና የኑዛዜ ስሌት

በዩኒቨርሲቲዎች የሒሳብ ክፍሎች ተግባራዊ አልጀብራ ሲባል ዛሬ የሚታሰበው መልእክትን በምስጢር የመቆለፍ ስሌትና በመተላለፊያ ላይ የተበላሸ መረጃን የሚያርም ኮድ ነው። ተመራማሪዎቹና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ዘርፉን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ አድርገው ይማሩታል። በመድረሳ በኩል ደግሞ ፈራኢድን የሚያቀራ ዓሊም አልጀብራን የዘመናዊ ትምህርት ቤት ጉዳይ እንጂ የራሱ ውርስ አድርጎ የሚቆጥረው ከስንት አንድ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚጋሩት አንድ ኪታብ አለ። መጋራታቸው እንዴት እንደተዘነጋ በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን።

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አልኸዋሪዝሚ ስለ አልጀብር ወልሙቃበላ የጻፈው ኪታብ በባግዳድ፣ በኸሊፋው አልመእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ. 813–833) የተዘጋጀ ነው። ደራሲው በመግቢያው ዓላማውን ሲገልጽ ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በክፍፍል፣ በሙግት፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬትና በቦይ ቁፋሮ የሚያስፈልጋቸውን ስሌት ማቅለል መሆኑን ያስረዳል። ቃሉንም ጠብቋል፤ ከኪታቡ ግማሽ ያህሉ ስለ ወሲያ፣ ማለትም ስለ ኑዛዜ ነው። እንግዲህ በስሙ የምናውቀው የመጀመሪያው የአልጀብራ ኪታብ ራሱ ለሥራ የተጻፈ ነበር።

የወሲያው ክፍል መክፈቻ የሆነውን መስአላ እንመልከት። አንድ ሰው ሁለት ወንዶች ልጆች ትቶ ሞተ። ከንብረቱ ሲሶውን ወራሽ ላልሆነ ሰው ተናዟል። የተወው 10 ዲርሃም ጥሬ ገንዘብ ሲሆን አንደኛው ልጅ ደግሞ የ10 ዲርሃም ዕዳ አለበት። አልኸዋሪዝሚ ከዕዳው ወደ ንብረቱ የሚገባውን መጠን «ሸይእ» (ነገር) ይለዋል። ስለዚህ ንብረቱ 10 እና አንድ ሸይእ ነው። ሲሶው ለተናዘዙለት ሰው ሲወጣ 6 ከ2/3 ዲርሃምና የሸይእ 2/3 ይቀራል፤ ይህም ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 3 ከ1/3 ዲርሃምና የሸይእ 1/3 ይደርሰዋል። ባለዕዳው ልጅ ድርሻውን የሚያገኘው ከራሱ ዕዳ ላይ ተቀንሶለት ነውና ይህ ድርሻ ከሸይኡ ጋር እኩል ነው። ሸይኡም 5 ይሆናል። ንብረቱ 15 ነው፤ ለሦስቱም 5፣ 5 ይደርሳል።

ጥሬውን 10 ዲርሃም ለተናዘዙለት ሰውና ለሌላው ልጅ እኩል መክፈል ብቻ በቂ ነበር የሚል አንባቢ ይኖራል። ድርሻዎቹ እኩል በመሆናቸው እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ኑዛዜው ከሲሶ ወደ ሩብ ቢለወጥ ግን ይህ መንገድ አያዛልቅም፤ ሸይኡ 6፣ ንብረቱ 16፣ የኑዛዜው ድርሻ 4፣ የእያንዳንዱ ልጅ 6 ይሆናል። የችግሩ ባሕርይ ዙር ነው፤ ድርሻው በንብረቱ መጠን ይወሰናል፣ የንብረቱ መጠን ደግሞ በድርሻው። ይህን ዙር የሚፈታው አልጀብራ ነው። ከዕዳው በተረፈው ላይ ግን ስሌቱ ዝም ይላል፤ ባለዕዳው ይጠየቅበታል ወይስ ይተውለታል የሚለው የፉቀሃእ ጥያቄ ነው። ከዕዳው ስንቱ ከንብረት ይቆጠራል የሚለውንም አስቀድሞ የወሰነው ፊቅህ ነው።

ኪታቡ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ይህ ክፍል አብሮ አልተሻገረም። ሮበርት ዘቼስተር እ.ኤ.አ. በ1145 በሴጎቪያ፣ ጄራርድ ዘክሬሞናም በዚያው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን የመለሱት የኑዛዜውን ክፍል አልያዘም። ለላቲን አንባቢ የእስልምና የውርስ ሕግ ምን ይጠቅመዋል? መተዉ አያስደንቅም። ውጤቱ ግን ከባድ ሆነ፤ አልጀብራ በዘመናዊ ትምህርት ቤት በኩል ወደ እኛ ሲመለስ የተመለሰው ያ ክፍል የሌለው አልጀብራ ነው።

ክፍሉ ለአውሮፓ አንባቢ የቀረበው ፍሬድሪክ ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1831 በለንደን ዐረብኛውን ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ሲያሳትም ነው። ሮዘን በሞት ሕመም ላይ ስለሚፈጸም ጋብቻና ባሪያን ነጻ ስለማውጣት የቀረቡትን የመጨረሻ መስአላዎች ተቸ። እኩልነቶቹ አንዴ ከተቀመጡ በኋላ በትክክል እንደተፈቱ አምኖ፣ አቀማመጣቸው ግን ከተሰጠው ጥያቄ ውጭ በሆነ የዘፈቀደ ግምት ላይ የቆመ፣ ወራሾችን ለመጥቀም የታሰበ ይመስላል አለ። ይህ ብያኔ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1938 ሰሎሞን ጋንድዝ የተባለው የሒሳብ ታሪክ ተመራማሪ ስለ ውርስ አልጀብራ በጻፈው ሰፊ ጥናት መለሰው፤ ሮዘን የዘፈቀደ ያለው የፊቅህ ድንጋጌ ነበር። በሞት ሕመም ላይ ያለ ሰው ስጦታ እንደ ኑዛዜ ተቆጥሮ በሲሶ እንደሚገደብ የተማረ ደረሳ ሮዘንን ባስቸገረው ቦታ ሳይደናቀፍ ያልፋል። ጋንድዝ ተልሙድን ጠንቅቆ የተማረ አይሁዳዊ ሊቅ መሆኑ ለእኛ የአጋጣሚ ነገር አይመስለንም። ሕግና ስሌት በአንድ ወንበር በሚጠኑበት ትምህርት ያደገ ሰው ነበርና።

በእኛ በኩልም እንዲህ ያሉ ዑለማእ አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1412 ያረፉት ኢብኑል ሃኢም በፈራኢድም በአልጀብራም ጽፈዋል፤ የማግሪቡ ኢብኑል ያሰሚን በግጥም ያዘጋጀውን የአልጀብራ መትንም አብራርተዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአልአዝሀር የሶላት ወቅት ጠባቂ የነበሩት ሲብጥ አልማሪዲኒ ይህንኑ መትንና በፈራኢድ የታወቀውን ረሕቢያን ሸርሕ አድርገዋል። ኪታቡን በ1930ዎቹ በካይሮ በዐረብኛ ካሳተሙት ሁለት ምሁራን አንዱ ዐሊ ሙስጠፋ ሙሸረፋ በዩኒቨርሲቲው የተግባራዊ ሒሳብ ፕሮፌሰር ነበሩ።

ፈራኢድ ሁሉ አልጀብራ ይሻል ማለታችን አይደለም። በሱረቱ ኒሳእ የተደነገጉት ድርሻዎች በክፍልፋይ ብቻ ይሠራሉ፤ ለዐውልና ለመስአላ ማስተካከያም የጋራ ብዜት ማወቅ ይበቃል። አልጀብራ የሚያስፈልገው ወሲያው ከዕዳ ወይም ከወራሽ ድርሻ ጋር ሲተሳሰርና «ደውር» በሚባሉት መስአላዎች ነው። ለእነዚህ የሚሆን መምህር ፊቅሁን ከሸኹ፣ እኩልነቱን ከሒሳብ አስተማሪው የተማረ መሆን ይገባዋል። ሁለቱንም የተማሩ ወጣቶች ዛሬ በመስጊዶቻችን ሰፎች መካከል አሉ፤ የኪታቡን ሁለተኛ አጋማሽ ግን የሚያቀራቸው አላገኙም።