ክር የሚነክሰው ብረት

እንግዲህ ስሙኝ፤ ወሬዬ ስለ ጊታር ነው። ስለ ጊታሪስት አይደለም፣ ስለ ዘፈንም አይደለም። ክር ተቃኝቶ እንዲቆይ ሰዎች ስለሠሯቸው ጥቃቅን ብረቶች ነው የማወራችሁ።

ሶዶ ዳሞታ ተራራ ሥር ናት። ማለዳ ጭጋግ ከተራራው ይወርዳል፤ ቀትር ላይ ቆርቆሮ የለበሰው አዳራሽ ይግላል። ወላይታ የመዘምራን አገር ነው። ሚሲዮኖች እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ከገቡ ወዲህ አብያተ ክርስቲያናቱ በዝተዋል፤ ኋላ ላይ ጊታርም ተከትሎ ገባ። እና አንድ ልጅ በማለዳው ብርድ ቤቱ ቁጭ ብሎ የቃኘውን ጊታር አቅፎ ባጃጅ ላይ ይወጣል፣ ሕዝብ ጢም ያለበት አዳራሽ ይገባል። የብረት ክር ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲረዝም ይላላል፤ ሲላላ ድምፁ ይወርዳል። እንጨቱ ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ አብጦ ወደ ሌላ ይጎትታል። በዚህ ላይ የወላይታን ምት ጨምሩበት! በጊፋታ ሰሞን፣ በመስከረም፣ ያ ፈጣን ምት ሲጀመር የጊታሪስቱ ቀኝ እጅ ክሩን ሲገርፍ ነው የሚያመሸው። ታዲያ ምን ክር ይችለዋል?

ይህ ችግር ዛሬ የመጣ አይደለም። ክራራችንን እዩት። አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው፤ አውታሮቹ ከላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ በጨርቅ ወይም በቆዳ ጥምጥም ይያዛሉ። ባለ ክራሩ ጥምጥሙን በጣቱ ይጠመዝዝና ይቃኛል። ጥርስ የለው፣ ብሎን የለው፤ የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው። ይላላል፣ እውነት ነው፤ ሆኖም ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ለመሻገር ባለ ክራሩ ጥምጥሙን ነካ ማድረግ ይበቃዋል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

ፈረንጆቹ ዘንድ ጊታርም ለረጅም ዘመን በእንጨት ቁልፍ ነበር የሚቃኘው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቪየና ላይ ዮሐን ጌኦርግ ስታውፈር የሚባል ጊታር ሠሪ ባለ ጥርስ የብረት መቃኛ ካስፋፉት አንዱ ሆነ። ዛሬ በምናውቀው መቃኛ ቁልፉን 14 ወይም 18 ጊዜ ስታዞሩት ክሩ የተጠቀለለበት ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል። ክሩ ቁልፉን ወደ ኋላ መግፋት አይችልም። እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

አላለቀም። እንበል አንድ የሶዶ ልጅ ጊታሩን ይዞ ወደ አንድ ጎልማሳ ባንደኛ ሄደ።

«ጋሼ፣ መቃኛው ተበላሽቷል። ቃኝቼው ወዲያው ይወርዳል።»

«መቃኛውን ተወውና ናቷን እያት» ይሉታል ጋሼ።

ናት ማለት በአንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ስድስት ቦይ ያላት ትንሽ አጥንት ወይም ፕላስቲክ ናት። ልጁ ቁልፉን ቀስ እያለ ያዞራል፤ ድምፁ አይንቀሳቀስም፣ አይንቀሳቀስም፣ ከዚያ «ጢን!» ብሎ በአንዴ ይዘላል። ክሩ ቦዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። በዘፈኑ መካከል ሲጎተትም እንዲሁ ይንሸራተትና ተመልሶ ቦታው ሳይደርስ ይቀረቀራል። ጋሼ ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው የእርሳሱን ጥቁር ዱቄት ቦዮቹ ውስጥ ይቀባሉ። አዲስ ክር ከሆነም በጣታቸው ሳብ ሳብ ያደርጉታል፤ ያልተሳበ ክር መድረክ ላይ ነው የሚሳበው። የብዙ ጊታር በሽታ በዚህ ይድናል፤ የሚታማው ግን ሁልጊዜ መቃኛው ነው።

አሜሪካኖቹ ይህንኑ በሽታ በራሳቸው ላይ አባባሱት። ክር የሚያርገበግብ ዱላ ጊታር ላይ ተከሉ፣ ትሬሞሎ የሚሉትን። ዱላው ሲጫን ክሮቹ ይላላሉ፣ ሲለቀቅ ይመለሳሉ ተብሎ ነው። መርል ትራቪስ የተባለው ጊታሪስት የዘመኑ ትሬሞሎ ቅኝቱን ቢያበላሽበት ፖል ቢግስቢ ወደሚባል ሰው ሄደ፤ ቢግስቢ የሞተር ብስክሌት ወዳጅና የብረት ሠራተኛ ነበር፣ የተሻለ ሠራለት። ፌንደር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተርን ከነትሬሞሎው አወጣ። ይኸው ጊታር ነው በጂሚ ሄንድሪክስ እጅ ዓለምን ያስደነቀው። ቅኝቱ ግን አሁንም ይሸሻል።

ከዚያ ፍሎይድ ሮዝ መጣ። ሮክ ባንድ ውስጥ የሚጫወት፣ ጌጣጌጥ የመሥራት ሙያ ያለው ሰው ነው። አስተሳሰቡን ውደዱልኝ። ሌላው ሁሉ ክሩ ናቷ ላይ እንዴት ይንሸራተት ሲል፣ እሱ ለምን ይንሸራተታል አለ። ክሩ እዚያ ካልተንቀሳቀሰ መመለስም አያስፈልገው! ናቷን በብረት ሠራትና ክሮቹን ከላይ በብሎን ነክሶ ያዛቸው። በወዲያኛው ጫፍ፣ ክሮቹ በሚያርፉበት ብሪጅ ላይም፣ እንዲሁ ነከሳቸው። የባለቤትነት መብቱን እ.ኤ.አ. በ1979 አገኘ፤ ኤዲ ቫን ሄለን ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ ነበር። ናቷ ስትቆለፍ ከላይ ያለው መቃኛ ከንቱ ስለሚሆን፣ ኋላ ላይ ብሪጁ ላይ ስድስት ትንንሽ መቃኛ ተጨመረ። የዚህ ብሪጅ ጉድ ደግሞ ተንሳፋፊ መሆኑ ነው፦ በሁለት ምሰሶ ላይ በስለት ጫፍ ቆሞ ከፊት በስድስቱ ክሮች፣ ከኋላ በጥቅልል ሽቦዎች ይጎተታል፣ እንደ ገበያ ሚዛን።

እንግዲህ ያ የሶዶ ልጅ አጎት አለው እንበል፣ ደቡብ አፍሪካ ወይም አሜሪካ። አጎቱ ባለ ፍሎይድ ሮዝ ጊታር ላከለት። ልጁ ሰፈሩን አደነቆረ፤ ቅኝቱ ንቅንቅ አይልም። ሠርግ ተጠራ። ጭፈራው በደመቀበት ሰዓት አንድ ክር ተበጠሰ። በተራ ጊታር በአምስት ክር ይጨርሳል። በዚህኛው ግን ሚዛኑ ተዛባ፦ የኋላው ሽቦ በረታ፣ አምስቱም ክሮች ተያይዘው ወጡ፣ ሙሽሮቹ እየጨፈሩ ጊታሩ ሌላ አገር ሄደ። ክር ለመቀየር ብሎን መፍታት ያስፈልጋል፤ ብሎኑ የሚፈታው በባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ቤት ቀርቷል።

አሁን ክራሩን አምጡት። ባለ ክራሩ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ማለፍ ይፈልጋል፤ ክሩ እንዲታዘዝለት ነው የሚለፋው። ፍሎይድ ሮዝ የተሠራው ከነጭራሹ ከቅኝቱ ለማይወጣ፣ ግን ዱላውን እየተጫነ ለሚያጓራ ሮከር ነው። በተንሳፋፊው ብሪጅ አንዱን ክር ዝቅ ካደረጋችሁ ሌሎቹ አምስቱ ከፍ ይላሉ፤ ስድስቱንም እየዞሩ መቃኘት የግድ ነው። ከኢቤክስ እስከ ሮሃ ባንድ የተጫወተው ሰላም ስዩም ጊታሩን እንደ ክራር ሲያናግረው የሰማ ሰው ያውቃል፤ የእኛ ጣዕም በጣቱ አመታት ውስጥ ነው ያለው፣ ዱላ አያሻውም።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸው። ለሶዶ መድረክ የሚሻለው ብሪጁ የማይንቀሳቀስ ጊታር ነው፤ አቅም ካለ ቆላፊ መቃኛ ይጨመርበት። ስፐርዘል የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ስም ያተረፈበት ዓይነት ነው፦ ክሩን ዘንጉ ውስጥ በፒን ነክሶ ይይዘዋል፣ ብዙ ጥምጥም ስለሌለ የሚላላ ነገር አይኖርም፣ ክር መቀየርም ደቂቃ አይፈጅም። አቅም ከሌለም እርሳስ አለ።

እናንተ ውጭ ያላችሁ አጎቶችና አክስቶች ግን አደራ፤ ባለ ፍሎይድ ሮዝ መላካችሁ ካልቀረ ቁልፉን ሁለት አድርጋችሁ፣ ክሩንም በርከት አድርጋችሁ አብራችሁ ላኩ።