የቁይ ጤፍና የገበያ አደረጃጀት ትምህርት

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ በቁይና በአካባቢዋ የሚመረተው ጤፍ ከአውድማ ተነሥቶ አዲስ አበባ እህል በረንዳ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። ገበሬው ለሰብሳቢው፣ ሰብሳቢው ለጅምላ ነጋዴው፣ ጅምላ ነጋዴው በደላላ አማካይነት ለከተማው ገዥ፣ እርሱም ለቸርቻሪና ለወፍጮ ቤት ያስረክባል። በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ አራት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ገዥዎቹ ስንት ናቸው? አዲስ ገዥ እንዳይገባ የሚያግደው ምንድን ነው? ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? የሌላውን ገበያ ወሬ ቀድሞ የሚሰማውስ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በዩኒቨርሲቲ «የኢንዱስትሪ ኢኮኖሚክስ» ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት መሠረቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ከጎጃም ገጠር የሚመጣው ተማሪ በመማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚያገኛቸው ምሳሌዎች በአብዛኛው የአሜሪካ ብረትና አውቶሞቢል ፋብሪካዎች ናቸው። ትምህርቱና የእህሉ ገበያ ለየብቻ የተጓዙበት ታሪክ ሊመረመር ይገባዋል፤ የመለያየታቸው ጉዳት በመጨረሻ ያረፈው በገበሬው ላይ ነውና።

ለመለያየቱ አንዱ ምክንያት ስሙ ነው። «ኢንዱስትሪ» ሲባል ጭስ የሚወጣው ፋብሪካ ብቻ ይታሰባል። በዚህ የዕውቀት ዘርፍ ግን ቃሉ አንድን ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ወይም የሚገዙ ድርጅቶችን ስብስብ ያመለክታል። ስለዚህ የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ሆኑ የደብረ ማርቆስ እህል ነጋዴዎች በእኩል ደረጃ የጥናቱ ርእሶች ናቸው።

ዘርፉ ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። በ1933 ኤድዋርድ ቻምበርሊን በአሜሪካ፣ ጆአን ሮቢንሰን በእንግሊዝ፣ በፍጹም ውድድርና በፍጹም ሞኖፖል መካከል ስላለው ሰፊ ክልል የሚያትቱ መጻሕፍት አወጡ። በሃርቫርድ ኤድዋርድ ሜሰን፣ ከእርሱም በኋላ ተማሪው ጆ ቤይን፣ የገበያው አቋም የነጋዴውን ጠባይ፣ የነጋዴው ጠባይ ደግሞ የገበያውን ውጤት ይወስናል የሚለውን አስተሳሰብ አደላደሉ። ቤይን በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ አዲስ ተወዳዳሪ ወደ ገበያው እንዳይገባ የሚያግዱትን መሰናክሎች ዘረዘረ። የቺካጎው ጆርጅ ስቲግለር ግን መሰናክል ሊባል የሚገባው አዲስ ገቢው ብቻ የሚሸከመው፣ ነባሩ ግን ያልተሸከመው ወጪ ነው ሲል ተከራከረ። ስቲግለር በ1982፣ ዘርፉን በአዲስ ስልት ያደራጀው ፈረንሳዊው ዣን ቲሮል ደግሞ በ2014 የኖቤል ሽልማት አገኙ። የክርክሩ ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ የነጋዴዎች ማነስ ወይም የዋጋ መራራቅ ብቻውን የብዝበዛ ማስረጃ አይሆንም፤ ምክንያቱ ተለክቶ መታወቅ አለበት።

በኢትዮጵያ ስለ ንግድና ስለ ሀብት በአማርኛ መጻፍ ከዩኒቨርሲቲው ይቀድማል። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ ኢኮኖሚክስ በመደበኛ ትምህርትነት ቦታውን እየያዘ ሄደ። መንግሥትም በዚያው ዘመን ወደ እህል ገበያው ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1950 የእህል ቦርድ፣ በ1960 ደግሞ የእህል ኮርፖሬሽን አቋቋመ።

በዚያ ዘመን በመሥሪያ ቤቱም ሆነ በተማሪው ዘንድ ተደጋግሞ ይሰማ የነበረው አስተያየት ጥቂት ነጋዴዎች ገበሬውንና ሸማቹን በመካከል ይዘው ያስጨንቃሉ የሚል ነበር። ይህ እውነት ሊሆን ይችል ነበር፤ ላይሆንም ይችል ነበር። ጤፍ ከጎጃም ተጭኖ አዲስ አበባ ለመድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚጠልቀውን የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። የነዳጁና የጎማው፣ የጆንያው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የመጋዘኑ፣ ነቀዝና አይጥ የሚያጠፉት፣ ከመከር እስከ ክረምት ታስሮ የሚቆየው ገንዘብ ሁሉ በዋጋው ውስጥ ይገባል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ የሚቀረው ምን ያህል እንደ ነበር ሳይለይ ነጋዴውን ሞኖፖሊስት ነው ወይም አይደለም ብሎ መፍረድ አይቻልም። ገበያውን የመረመሩ ጥናቶች አልጠፉም፤ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ያካሄደው አንዱ ነው። ሆኖም ጥናቱ እየሰፋ፣ ክርክሩም እየጠራ ሳይሄድ የአብዮቱ ዘመን ደረሰ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ታወጀ። እ.ኤ.አ. በ1976 የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የተወሰነ ዋጋ ወጥቶ በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ተደለደለ፤ በየመንገዱም ኬላ ቆመ፤ የግል ነጋዴው ከገዛው እህል ከፊሉን ለድርጅቱ በተወሰነው ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። ትርፍ አምራች የነበረው ጎጃም ቀንበሩ ከከበደባቸው ክፍላተ ሀገር አንዱ ሆነ። ድርቁ በበረታበት ጊዜ ድርጅቱ በጎጃም ለአንድ ኩንታል ጤፍ ከሃምሳ ብር በታች ሲከፍል፣ በአዲስ አበባ የችርቻሮው ዋጋ ከመቶ ብር በላይ ነበር። ጥቂት ገዥዎች አሉበት ተብሎ የተወገዘው ገበያ አንድ ታላቅ ገዥ ተተከለበት። ጆአን ሮቢንሰን በ1933 መጽሐፏ ለእንዲህ ያለው የብቸኛ ገዥ ገበያ «ሞኖፕሶኒ» የሚለውን ስም አስተዋውቃ ነበር። ኬላውም በስቲግለር አነጋገር እንኳ እውነተኛ መሰናክል ነበር። በዩኒቨርሲቲው ግን የዘመኑ ቀዳሚ ትምህርት የማርክሲዝም ፖለቲካል ኢኮኖሚ ነበርና፣ ሞኖፖል የካፒታሊዝም የመጨረሻ ደረጃ ተደርጎ ሲጠና፣ በገበሬው ደጅ የቆመው የመንግሥት ብቸኛ ገዥ በዚያው ዓይን ሳይመረመር ቀረ።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ ኮታውና የተወሰነው ዋጋ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1991 የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ተመሠረተ፤ ለጥናትና ለክርክርም መድረክ ተገኘ። ከዚህ ወዲህ ከተሠሩት መካከል የእሌኒ ገብረ መድኅን ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው፣ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ጥናቱ በተለምዶ እንደ ተውሳክ የሚቆጠረውን ደላላ በሌላ ገጽታ አሳየ። ሩቅ ያለው ነጋዴ የማያውቀውን ገዥ ሲፈልግ የሚያጠፋውን ጊዜና የመታለሉን ሥጋት የሚያቃልልለት፣ የእህሉን ጥራት መርምሮ የሚያገናኘው ያ ደላላ ነው። እንግዲህ በቃል ብቻ የሚጸናው መተማመን የገበያው አንድ ተቋም ሆኖ ተገኘ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራውን በእህል ቢጀምርም፣ ብዙ ግብይት ያገኘው በቡናና በሰሊጥ ነው፤ ጤፍ በአመዛኙ በቀድሞው መንገድ መሸጡን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአባይ ላይ አዲሱ የህዳሴ ድልድይ ተመረቀ።

ሕጉም ተከተለ። የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329 በ1995፣ የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685 በ2002፣ በእርሱም ቦታ አዋጅ ቁጥር 813 በ2006 ዓ.ም. ወጣ። እነዚህ ሕጎች በገበያ ላይ ያለን የበላይነት ያላግባብ መጠቀምን ይከለክላሉ። ነገር ግን የበላይነት መኖሩን ለማስረዳት ገበያው እስከ የት እንደሚደርስ፣ ድርሻው ስንት እንደሆነ፣ አዲስ ነጋዴ መግባት ይችል እንደሆነ በቁጥር ማሳየት ያስፈልጋል። ይህን የሚያሠላ ባለሙያ ከሌለ ጤፍ በተወደደ ቁጥር መጋዘን ማሸግ፣ በረከሰ ቁጥር ዝም ማለት የተለመደ ፍርድ ይሆናል።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ለቁይ ልጅ ትምህርቱ በመንገድ ቀርቧል፤ በይዘቱም ሊቀርብ ይችላል። አንድ ተማሪ በጥርና በሐምሌ በገበያ ቀን የሚቆሙትን ገዥዎች ቢቆጥር፣ የገበሬውን፣ የጅምላውንና የእህል በረንዳውን ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢመዘግብ፣ የመኪናውንና የደላላውን ክፍያ ቢቀንስ፣ ገበሬው ከነጋዴው ዱቤ ወስዶ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ሚዛኑን ማን እንደሚያምነው ቢያጣራ፣ የእጅ ስልክ የዋጋውን ወሬ ለማን እንዳደረሰ ቢመለከት፣ የቤይንንና የስቲግለርን ክርክር በራሱ ወገን ኑሮ ላይ ይፈትነዋል። መምህሩም የዚህ ዓይነት መዝገብ ከዓመት ዓመት ቢከማችለት ለሕግ አውጭውና ለዳኛው የሚያቀርበው ማስረጃ ይኖረዋል። በእህል ገበያው ላይ ታላላቅ ውሳኔዎች ወደፊትም መወሰናቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ገበሬው ለኩንታሉ የሚቀበለው ገንዘብ በግምት እንዳይወሰን፣ ሥራው ከወዲሁ በቁይ ገበያ ላይ መጀመር አለበት።