የመንገደኛ ሰንበት

ከከሚሴ በስተደቡብ፣ በደሴ አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የሰንበቴ ገበያ የሚቆመው በዕለተ እሑድ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚትና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ባስወሰኑበት በሸዋ ምድር አጠገብ፣ ሰንበት ለግብይት መዋሉ ለካህን ጆሮ ቢከብድም (አብዛኛው ገበያተኛ ሙስሊም መሆኑን መዘንጋት አይገባም)፣ አፋሩ ግመሉን አንበርክኮ ጨውና ቅቤ ሲያቀርብ፣ ደገኛው እህሉን በአህያ ጭኖ ሲወርድ፣ ኦሮሞው ከብቱን ሲነዳ፣ አርጎባው የእጁን ሸማ ሲዘረጋ፣ ከሩቅ ለመጣው ሲራራ ነጋዴ ግን ገበያው ከትርፉ ይልቅ ዕረፍቱ ነበር፤ ጭነት ይራገፍ፣ ጀርባው የተላጠ በቅሎ ይታከም፣ የጎደለው ስልቻ በበሶ ይሞላ፣ የወደፊቱ መንገድ ደኅንነት ከመጪው መንገደኛ ይጠየቅ ነበር። በማግስቱ ሰኞ ተራው የባቲ ገበያ ነው።