በአገሩ ሰንጠረዥ መካከለኛው ተጫዋች የሚሻሻልበት መንገድ

ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በመጽሐፍ ገጽ ላይ ቍጥር የሚሰፍርበትን መደብ ነው። ቃሉ ግን ከዐረብኛው ሸጥረንጅ የመጣ ሲሆን፥ በነገሥታትና በመኳንንት አዳራሽ ለብዙ ዘመን የተወደደ የጨዋታ ስም ነበረ። ዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540 እ.አ.አ.) ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋራ ይጫወቱ እንደ ነበር አሌሳንድሮ ዞርዚ መዝግቧል። ሄንሪ ሶልትም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ይህንኑ ጨዋታ እንደሚወዱ ጽፏል።

ለፎገራና ለአንበሳሜ አገር የቀረበው ምስክር ዋልተር ፕላውደን ነው። በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተሾመው ይህ ሰው፥ ከፎገራ ሜዳ በስተ ምሥራቅ ያለችውን ደብረ ታቦርን፥ ይኸውም የራስ ዓሊን መቀመጫ፥ በደንብ ያውቅ ነበር። እርሱ በ1860 ከሞተ በኋላ በ1868 የታተመው መጽሐፉ የጨዋታውን ሕግ ይገልጻል፤ ሃሮልድ መሪም በ1913 ባሳተመው ታላቅ የጨዋታው ታሪክ ውስጥ ተጠቅሞበታል።

በዛሬው የዓለም ሕግ የሚጫወት መካከለኛ የክበብ ተጫዋች መሻሻል ሲሻ ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው የመክፈቻ ስልት ወደሚያስተምር መጽሐፍ ነው፤ ስልቱን በቃሉ ይይዛል፥ ከዐሥረኛው ርምጃ በኋላ ግን ግራ ይገባዋል። የአገሩ ሰንጠረዥ ይህን መሸሸጊያ አልሰጠም። የጨዋታው መጀመሪያ ወረራ ይባላል፤ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ፥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፥ እንደ ፈቃዳቸው ያሰልፋሉ። እንግዲህ በቃል የተጠና ሰልፍ ብዙ አይረዳም፤ ዐይን ከባላጋራው እጅ ላይ መነሣት የለበትም።

ገበታው ራሱም ትምህርት ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ አልተዥጐረጐረም፤ ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ መሥመር ብቻ ነበረ። ፈርዝ በአግድም ማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል ደግሞ በዚያው አቅጣጫ አንዱን ቤት ዘሎ ወደ ሁለተኛው ያርፋል፤ ከ64ቱ ቤቶች የሚደርሰው 8 ብቻ ነው፥ አራቱ ፊሎችም ከቶ አይገናኙም። ይህን ያለ ቀለም ርዳታ በዐይን ለይቶ የማያውቅ ሰው ፊሉን በከንቱ ያባክናል።

የአጨራረሱ ሥርዐት ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቃል። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መማረክ እንደ ሻካራ ድል ይቈጠር ነበር፤ የሚመሰገነው በፊል፥ በፈርዝ ወይም በመደቅ የሚጨርስ ነው። ባላጋራውን ከንጉሡ በቀር ባዶ ያስቀረ ሰው ደግሞ አላሸነፈም፥ ጨዋታው እኩል ይሆናል። ኀይለኛ ጠጠር ስላለው ብቻ ማሸነፍ የለመደ መካከለኛ ተጫዋች በዚህ ሕግ ፊት ይጋለጣል፤ ደካሞቹን ጠጠሮች አስማምቶ ማንቀሳቀስን ይማራል፥ ወይም እዚያው ይቀራል። የዛሬዎቹ አሠልጣኞች ከመክፈቻው በፊት የመጨረሻውን ክፍል አስጠኑ የሚሉት ምክር፥ እዚህ በልማድ የታሰረ ግዴታ ነበረ ማለት ይቻላል።

ትምህርቱ በጽሑፍ አልነበረም። ተመልካቹ ዙሪያውን ከቦ ምክር ይሰነዝራል፤ ዛሬ በውድድር አዳራሽ የሚያስቀጣው ነገር ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ነበረ። የመኳንንቱ ግቢ በ20ኛው መቶ ዓመት መልኩን ሲለውጥ፥ በተለይም ከ1936ቱ የጣሊያን ወረራ በኋላ፥ ክበቡ ተበተነ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ በሰፊው ሲያሳትም፥ የዓለም አቀፉ ቼዝ አስቀድሞ ቦታውን ይዞ ነበር። በዚህም ፈርዝ ንግሥት ሆኗል፤ ፊልም የፈለገውን ያህል በማዕዘን ይሄዳል።