የንግድ ስም፦ ከጠርሙስ እስከ ስልክ

በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሰበታ ላይ የቆመው ቢራ ፋብሪካ ስሙን የወሰደው ከአካባቢው ከሜታ አቦ ነው፤ ጠርሙሱ በተጓዘበት ሁሉ የስፍራው ስም አብሮት ተጓዘ። በ2004 ዓ.ም. የእንግሊዙ ዲያጆ ፋብሪካውን በ225 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ የገዛው ጋንና ቧንቧ ብቻ አልነበረም፤ ስሙንም ጭምር እንጂ።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖረው አነስተኛ ነጋዴ ግን እንዲህ ያለ ስም ለማውጣት አቅም አልነበረውም። የቡራዩ ልብስ ሰፊ ስም መርካቶ ሲደርስ ይጠፋል፤ የሱሉልታው ወተት አምራችም ስም እንጦጦን አይሻገርም ነበር። በሬዲዮ ማስታወቅ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በደጅ የተሰቀለውንም ሰሌዳ የሚያነበው አላፊ አግዳሚው ብቻ ነው። ይህን አጥር ያፈረሱት ፌስቡክና ቴሌግራም ናቸው። የዕቃው ፎቶግራፍና ዋጋው በአንድ ገጽ ይወጣል፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህም ሒሳቡን በቴሌብር መክፈል ተችሏል።

ይሁን እንጂ አዲሱ ሰሌዳ የተሰቀለው በሰው ግድግዳ ላይ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነበር። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 ስሙን እንጂ ገጹን አይጠብቅም። በቪፒኤን መግባት የቻለ ገዢ ገባ፤ ለቀረው መደወል ግድ ሆነ። የደንበኞቹን ቁጥር በደብተር ያልያዘ ነጋዴ ግን ለማን ይደውላል?