ሹሙ በሰፈር ሸንጎ፦ ሰብሳቢ ወይስ ተጠያቂ?

የቀበሌ ወይም የወረዳ ሹም፣ አልያም የከተማ ምክር ቤት ተመራጭ፣ ነዋሪዎች በራሳቸው ፈቃድ ተሰባስበው ስለ ሰፈራቸው ጉዳይ ከሚወያዩበት ቦታ መገኘት ይገባዋልን? አንዳንዶች «ሕዝቡን የሚሸሽ ሹም ምን ሹም ነው? ይምጣ፤ ይስማ፤ ይመልስም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ሹም ባለበት ማን ደፍሮ ይናገራል? ይቅርብን» ይላሉ። በበኩሌ የሁለቱም ሐሳብ መሠረት አለው ባይ ነኝ። ታሪካችንን ስመረምር ግን ዋናው ጉዳይ የሹሙ መምጣት አለመምጣት ሳይሆን፣ ከመጣ በኋላ በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጥ መሆኑን እረዳለሁ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በተባለበት አገር ሕዝቡ ከገዢው ፊት የሚቀርብበት መንገድ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም። የተበደለ ሰው ንጉሡ በሚያልፍበት መንገድ ቆሞ «አቤት!» ይል ነበር፤ ጉዳዩ እስከ ዘውድ ችሎት ሊደርስም ይችል ነበር። ይሁን እንጂ አቤቱታ ልመና እንጂ ጥያቄ አይደለም። ለማኙ የሚጠብቀው ቸርነትን ሲሆን፣ ጠያቂ የሚጠብቀው ምላሽን ነው።

ሹሙ በተራው ወደ ሕዝቡ ሲወርድስ? አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የተባለውን ሥርዓት እናስታውስ። ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም የነፍስ ግድያ ደርሶ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሹሙ ትእዛዝ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ የሚያውቀውን በመሐላ ይናገራል። የቀረ ይቀጣል። ወንጀለኛው ካልተገኘም አገሬው ካሳውን በጋራ ይከፍላል። ሥርዓቱ ወንጀልን ለማውጣት መጥቀሙ አይካድም። ጠያቂው ግን ሁልጊዜ ሹሙ፣ ተጠያቂውም ሁልጊዜ ሕዝቡ ነበር። «ስብሰባ» የሚለው ቃል ዛሬም ድረስ ብዙዎቻችንን ገና ከጅምሩ የሚያሳቅቀን የዚህ ውርስ ስላለብን ይመስለኛል።

ይህ ማለት ግን ሹምን መጠየቅ ከባሕር ማዶ የመጣ ባዕድ ልማድ ነው ማለት አይደለም። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ ጉሚ ጋዮ የተባለው ታላቅ ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ይካሄዳል። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ የገዳን ሥርዓት ለዓለም አንባቢ በሰፊው ማስተዋወቃቸው ይታወቃል። በዚህ ሥርዓት አባ ገዳው ከጉባኤው በላይ አይደለም። ጉሚው የሚሰበሰበው በአባ ገዳው የሥልጣን ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ አመራሩ ይመረመራል፤ ጥፋት ከተገኘበትም እስከ መሻር ሊደርስ ይችላል።

በከተማም ቢሆን ዕድርን እናገኛለን። በዕድር ውስጥ ሚኒስትሩና ዘበኛው እኩል አባላት ናቸው። ከቀብር የቀረ፣ መዋጮ ያሳለፈ፣ ማንም ይሁን ማን ቅጣቱን ይከፍላል። ዳኛውን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው፤ ገንዘብ ያዡም ሒሳቡን ለእነርሱ ያቀርባል። ሹም በዕድር መገኘቱ ማንንም አስፈርቶ የማያውቀው በአባልነቱ እንጂ በሹመቱ ስላልገባ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው የቀበሌ ታሪክ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቁሟል። ስሙ እንደሚያመለክተው ቀበሌ ሲወለድ ማኅበር ነበር። ነዋሪው መሪዎቹን ሊመርጥበት፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ሊያስተዳድርበት፣ ቀላል ክርክሮችን በራሱ የፍርድ ሸንጎ ሊዳኝበት የታሰበ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 የማኅበራቱን ሥልጣን አሰፋ። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መሣሪያ ታጠቁ፤ ቀይ ሽብርም ተከተለ። የሰፈር ሰው የሚመካከርበት የተባለው ቅጥር ግቢ የሰፈር ልጅ የሚታሰርበት ሆነ። መታወቂያው፣ የቤቱ ኪራይ፣ የስኳሩ ራሽን፣ የስም መዝገቡ ሁሉ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ተጠቃለለ። በስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ ሰው ከሐሳቡ በፊት ቤቱን፣ ከቤቱም በፊት ልጁን ማሰብ ግድ ሆነበት። ሊቀ መንበሩ የነዋሪው ተወካይ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ዓይንና ጆሮ ሲሆን፣ ማኅበሩ ስሙን እንደያዘ ሞተ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሥርዓቱ ቢለወጥም ቀበሌ አልቀረም። በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ባለሥልጣናትና ተቃዋሚዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲከራከሩ አገር ጉድ ብሎ ተመለከተ። ይህ በአገር ደረጃ የታየው መጠያየቅ ግን ወደ ሰፈር አልወረደም። ለ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ ቢልም፣ ከ3 ሚሊዮን ከሚበልጡት መቀመጫዎች ጥቂት ሲቀሩ ሁሉንም የያዙት ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ነበሩ። ወንበሩ በዛ እንጂ ጠያቂው አልበዛም። በ2005 ዓ.ም. የተመረጡት የአካባቢ ምክር ቤቶች ዘመናቸው በ2010 ሲያበቃም ምርጫው ተራዘመ። ሊሻር የማይችልን ሹም መጠየቅ ደግሞ ተመልሶ «አቤት!» ከማለት ብዙ አይርቅም።

እንግዲህ «ሹሙ ይምጣ» ከሚሉት ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን በሦስት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ የሰብሳቢነቱ ወንበር የነዋሪው ይሁን፤ ሹሙ እንደ ዕድር አባል ተራውን ጠብቆ ይናገር። ሁለተኛ፣ አጀንዳውን ነዋሪው ያውጣ፤ ሹሙ መመሪያ ሊያወርድ ሳይሆን ስለ ውኃው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ መሬቱ ሊመልስ ይምጣ። ሦስተኛ፣ የተናጋሪዎች ስም አይመዝገብ፤ የሚመዘገበው ሹሙ የገባው ቃል ይሁን፤ በሚቀጥለው ስብሰባም ቃሉ ተነብቦለት ይጠየቅበት።

እነዚህ ባልተሟሉበት ሹሙ በእንግድነት መጥቶ በባለቤትነት ይቀመጣል። የ1967ቱ ማኅበር በሁለት ዓመት ውስጥ ምን እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ይህ ባዶ ስጋት አለመሆኑን ያውቃል። በተሟሉበት ግን ተጠቃሚው ነዋሪው ብቻ አይደለም። የሚጠየቅ ሹም ጥፋቱን ሳይባስበት ያውቀዋል፤ የማይጠየቅ ሹም ግን ስሕተቱን የሚሰማው በተሻረ ማግሥት ነው።