የጣፊያ ደም ቅዳ አኒዩሪዝም

የጣፊያ ደም ቅዳ አኒዩሪዝም ወደ ጣፊያ ደም የሚወስደው ቧንቧ ግድግዳ በአንድ ቦታ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ የሚፈጠር የደም ሥር በሽታ ነው። በጠቅላላው ብዙም የማያጋጥም ቢሆንም፣ የሆድ ዕቃ ክፍሎችን በሚመግቡ ደም ቅዳዎች ላይ ከሚከሰቱት አኒዩሪዝሞች 60 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ከእርሱ ቀጥሎ የሚገኘው የጉበት ደም ቅዳ አኒዩሪዝም ነው።

መንስኤ

በሽታው በሴቶች ላይ ከወንዶች 4 እጥፍ ያህል ይበዛል፤ በተለይም ደጋግመው በወለዱት ላይ ይታያል። በእርግዝና ጊዜ የሆርሞን ለውጥና የደም ፍሰት መጨመር የቧንቧውን ግድግዳ ያደክማሉ። ወደ ጉበት በሚገባው ደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምርም ሊከሰት ይችላል። ለዚህ ግፊት መጨመር ከሚዳርጉት አንዱ በኢትዮጵያም የሚገኘው የአንጀት ብልሃርዚያ ነው። የቆሽት ብግነት ወይም አደጋ የቧንቧውን ግድግዳ ሲያቆስል የሚፈጠረው እብጠት ደግሞ ሐሰተኛ አኒዩሪዝም ይባላል።

ምልክትና ምርመራ

አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ለሌላ ሕመም በተነሣ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ላይ ሳይታሰብ ይገኛል። አንዳንዴ በራጅ ላይ በግራ የላይኛው ሆድ በኩል የጠነከረ ቀለበት መስሎ ይታያል።

መፈንዳት

ሲፈነዳ በግራ የላይኛው ሆድ ድንገተኛ ሕመምና ራስን መሳት ያስከትላል። በአንዳንድ ሕሙማን ደሙ መጀመሪያ ከጨጓራ ጀርባ ባለው ከረጢት ውስጥ ይታገዳል፤ ታማሚውም የተሻለው ይመስላል። ከዚያ ደሙ ወደ መላው ሆድ ይፈስሳል። ይህ ድርብ መፈንዳት ይባላል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሕይወት ለማዳን ወሳኝ ነው። በነፍሰ ጡር ላይ ሲፈነዳ የእንግዴ ልጅ መላቀቅ ወይም የማኅፀን መተርተር ሊመስል ይችላል። በሕክምና ጽሑፎች እንደሚጠቀሰው በእርግዝና ወቅት ሲፈነዳ ከእናቶች 75 በመቶ፣ ከፅንሶች 95 በመቶ ያህሉ ይሞታሉ።

ማን ይታከማል?

በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ አኒዩሪዝም እንዲታከም ይመክራል። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ግን መጠኑ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን እንድትታከም ይላል። ሐሰተኛ አኒዩሪዝምም እንዲሁ መጠኑ ሳይታይ ይታከማል። ሌሎች ትንንሽ እብጠቶች በየጊዜው በምስል ምርመራ ይታያሉ።

ቀዶ ሕክምና

የቀዶ ሕክምናው ዓይነት እብጠቱ ባለበት ቦታ ይወሰናል። ከቧንቧው መነሻ አጠገብ ከሆነ ግራና ቀኙ ታስሮ ይቆረጣል፤ ጣፊያው ከጨጓራ በሚመጡ አጫጭር ደም ቅዳዎች መመገቡን ይቀጥላል። መካከሉ ላይ ከሆነ ቧንቧው ከቆሽት ጋር ተጣብቆ ስለሚያልፍ፣ ቆሽቱን ላለመጉዳት እብጠቱን ሳያወጡ ሁለቱን ጫፎች ማሰር ሊመረጥ ይችላል። ጣፊያው መግቢያ ላይ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጣፊያው አብሮ ይወጣል። ጣፊያ የሌለው ሰው ለአንዳንድ ባክቴሪያዎች ስለሚጋለጥ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባቶች ይሰጡታል፤ ጊዜ ካለ ከቀዶ ሕክምናው 2 ሳምንት በፊት ቢሰጡ ይመረጣል።

ዛሬ ብዙ ሕሙማን ሆዳቸው ሳይከፈት ይታከማሉ። ከብሽሽት ደም ቅዳ በሚገባ ቀጭን ቱቦ አማካይነት እብጠቱ በብረት ጥቅልል ይዘጋል፤ ወይም በጨርቅ የተሸፈነ ስቴንት ይገባለታል። ደም ከሌላኛው ጫፍ ሊመለስ ስለሚችል መውጫውም መግቢያውም መዘጋት አለበት። ከዚህ በኋላ የጣፊያው ክፍል ደም አጥቶ ሕመምና ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል፤ ክትትልም ያስፈልጋል። እብጠቱ ፈንድቶ ታማሚው ራሱን ከሳተ ግን ሆድ ከፍቶ ደሙን በፍጥነት ማስቆም ዋናው መፍትሔ ሆኖ ይቀራል።